ሽመልመሌው ከየት መጣ?

በቢታ ገነት ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ፣ ከቀይ አውራ የተጠቃች ቀይ በግ ዝንጉርጉር ግልገል የጣለች እንደሆነ፣ በግቢው ውስጥ በመጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ይህስ ከየት መጣ?» የሚል ነው። ጥያቄው አጭርና የዋህ ይመስላል። ጠጋ ብለን ብንመረምረው ግን ሁለት ጥያቄዎችን አጣምሮ የያዘ ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛው፣ ይህ ነገር እንዲህ ሊሆን የቻለው በምን ምክንያት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ጥፋተኛው ማን ነው የሚል ነው። የመጀመሪያው መርማሪን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ዳኛን። የሚያሳዝነው፣ ሰው ብዙውን ጊዜ ሳይመረምር ዳኛ ሆኖ መነሣቱ ነው።

ይህን ማደባለቅ የጀመርነው እኛ አይደለንም። በፍልስፍና ትምህርት ከአርስጣጣሊስ ስለ አራቱ ምክንያቶች የተማርን ሁሉ የምናስታውሰው «አይቲያ» የተባለው የግሪክ ቃል፣ ፈላስፎቹ «ምክንያት» ለማለት ሳይጠቀሙበት አስቀድሞ በሸንጎ «ክስ» ወይም «ጥፋት» ማለት ነበር። የላቲኑ «ካውዛ»ም ምክንያት ሲሆን ሙግትም ነው። በእኛም ቋንቋ «ምክንያት» አንዳንድ ጊዜ «ማመካኛ» ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በእንስሳም ሆነ በሰው ገላ ላይ ያልተጠበቀ መልክ ሲታይ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እንዴት መለየት እንደሚገባን መመርመር የቃላት ጨዋታ አይሆንም። ከዚህ በታች እንደምናየው፣ የሴቶች ክብርና የሕፃናት ሕይወት በዚሁ ልዩነት ላይ የተንጠለጠለበት ጊዜ ብዙ ነው።

የካፋ ሰው የበግ መልክ ነገር ባዕድ አይሆንበትም። የቦንጋ በግ በሀገራችን ከታወቁት የበግ ዘሮች አንዱ ነው፤ አካሉ ትልቅ፣ ላቱ ረጅም፣ ጠጉሩ አጭር፣ ቀለሙም ብዙውን ጊዜ ከፈዛዛ ቀይ እስከ ደማቅ ቡናማ የሚደርስ ነው። ከ2009 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ ተቋማት ጋር በመተባበር፣ ገበሬዎች ራሳቸው አውራ በግ በኅብረት የሚመርጡበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ወጣቶቹ አውራዎች ይሰለፋሉ፤ እድገታቸው ይመዘናል፤ መልካቸውም ይታያል። ቀይና ቡናማው ይወደዳል፤ ጥቁሩ በብዙ የሀገራችን ገበያ ዋጋው ዝቅ ይላል። የተመረጠው አውራ ለብዙ ቤተሰብ መንጋ በጋራ ያገለግላል፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይዳቀልም አውራዎቹ ከቡድን ወደ ቡድን ይዘዋወራሉ። ሥራው መልካም ነው። ይሁን እንጂ አውራው የጋራ በሆነበት ስፍራ ክርክሩም የጋራ ሊሆን ይችላል። ዝንጉርጉሩ ግልገል በተወለደ ዕለት አንዱ አውራውን ይከሳል፤ ሌላው እናቲቱን ያማል፤ ሦስተኛው ደግሞ በጓ የታሰረችበትን ቦታ ወይም ያየችውን ነገር ይጠቅሳል።

ይህ ሦስተኛው አስተያየት ከቀላል ቦታ የመጣ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 የተጻፈውን አንባብያን ታውቁታላችሁ። ያዕቆብ ለአማቱ ለላባ ሲያገለግል፣ ደመወዙ ከመንጋው ውስጥ ዝንጉርጉርና ነቁጣ ያለባቸው እንዲሆኑ ተዋዋለ። ላባ በዚያው ቀን ቀለም የተቀላቀለባቸውን ሁሉ ለይቶ ለልጆቹ ሰጠ፤ በእነርሱና በያዕቆብም መካከል የሦስት ቀን መንገድ አደረገ። ለያዕቆብ የቀሩት ባለ አንድ ቀለሞቹ ብቻ ነበሩ። እርሱም እርጥብ በትሮችን ልጦ ነጩ እንዲታይ አደረገና መንጎቹ በሚጠጡበት ገንዳ ፊት አቆማቸው። መንጎቹም ሽመልመሌ መሳይ፣ ዝንጉርጉርና ነቁጣም ወለዱ።

በትሮቹ ምን ሠሩ? የጥንት ሰዎች መልስ ያላቸው መስሏቸው ነበር፤ እናት በፀነሰች ጊዜ ያየችው በልጅዋ ገላ ላይ ይታተማል ይሉ ነበር። ቅዱስ ሄሮኒሞስ በአራተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ በዘፍጥረት ላይ በጻፈው የዕብራይስጥ ጥያቄዎች መጽሐፍ ይህን ክፍል ሲያብራራ፣ ይህ በሴቶችም ፅንስ የሚሆን ነገር እንደሆነ ይገልጻል፤ ለምስክርነትም ሁለት ታሪኮችን ይጠራል። በአንደኛው ሮማዊው የንግግር ሊቅ ኩዊንቲሊያኖስ፣ ኢትዮጵያዊ መልክ ያለው ልጅ ስለ ወለደች የተከሰሰችን አንዲት እመቤት ይከላከልላታል። በሁለተኛውም እንዲሁ ወላጆቹን የማይመስል ልጅ የወለደች ሴት በምንዝር ተጠርጥራ ሊፈረድባት ሲል፣ በመኝታ ቤቷ ውስጥ ልጁን የሚመስል ሥዕል ተገኝቶ ነፃ ትወጣለች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። እነዚህ ታሪኮች የተፈጥሮ ምርምር መስለው የቀረቡ የችሎት ታሪኮች ናቸው። የሥዕሉ ነገር የተፈለሰፈው አንዲትን ሴት ከሞት ለማዳን ነበር፤ ይህም ለጠበቃው ያስመሰግነዋል። ነገር ግን መከላከያው ራሱ ሸክሙን ከእናቲቱ ጫንቃ አላወረደም። በአካሏ አልበደለች እንደሆነ በዓይኗ በደለች ማለት ነውና። አባት በሁለቱም መንገድ አይጠየቅም።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው መቶ ዘመን በግሪክ ቋንቋ የጻፈው ሄሊዮዶሮስ ይህንኑ ሐሳብ በሀገራችን ስም አስፍሮታል፤ ምንም እንኳ «ኢትዮጵያ» ያላት ሀገር መናገሻዋ በኑባ ምድር ያለችው ሜሮኤ ብትሆንም። በልብ ወለዱ ውስጥ ጥቁሪቱ ንግሥት ፔርሲና ከጥቁሩ ንጉሥ ከሂዳስፔስ በፀነሰች ጊዜ የነጭ ሴት ሥዕል ትመለከታለች፤ ነጭ ልጅም ትወልዳለች። ባሏ እንደማያምናት ስለ ፈራች ልጂቱን ለሌሎች አሳልፋ ጥላ፣ ሞታ ተወለደች ትላለች። ልጂቱ ካሪክሊያ ብዙ መከራ አይታ፣ በመጨረሻ በአባቷ ፊት ለመሥዋዕት በቀረበች ጊዜ፣ በክንዷ ላይ ያለው ጥቁር ምልክት የዘሯ ማረጋገጫ ይሆናል። ደራሲው ያሰበውን አናውቅም ብንልም፣ አንባቢ ሊያልፈው የማይችለው ነገር አለ፤ ሕፃኒቱን ያስጣላት ነጭነቷ ሳይሆን ስለ ነጭነቷ ምክንያት ይሰጣል ተብሎ የተፈራው ፍርድ ነው።

እንዲህ ያለው አስተሳሰብ በእኛ ዘንድ አልጠፋም። ነፍሰ ጡር አምሮቷ ካልተፈጸመላት በልጁ ገላ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል። ቡዳ ነው፣ እርግማን ነው፣ የተረገጠ ነገር አለ ይባላል። በእርግጥ ሕዝባችን ደግ ምክንያት መስጠትም ይችልበታል፤ ሕፃን በገላው ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ይዞ ሲወለድ «ማርያም ስማው ነው» እንላለንና። ይህ አባባል የሥነ ሕይወት እውቀት አይደለም፤ ቢሆንም ከስንት የተማሩ ሰዎች ማብራሪያ ይልቅ ለሕፃኑ ይሻለዋል እንላለን።

ስለ በጎቹ የተሻለ መልስ ለማግኘት ዓለም እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ጠበቀ። መልሱንም ያገኘው በብርኖ ከተማ በአውግስጢኖሳውያን ገዳም ይኖር የነበረው ካህን ግሬጎር ሜንደል ነው። ከ1856 ጀምሮ ለስምንት ዓመታት ያህል በገዳሙ የአትክልት ቦታ አተር እየዘራ፣ እያዳቀለ፣ ቆጠረ። ውጤቱን በ1865 በከተማው የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ፊት አነበበ፤ በ1866 ታተመ፤ በ1884 እስኪሞት ድረስም የተረዳው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። የሥራው ዋጋ የታወቀው በ1900 ነው። ሜንደል ያሳየን፣ አንድ መልክ በወላጆች ላይ ሳይታይ በወላጆች ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ነው። ሁለት ባለ አንድ ቀለም ወላጆች እያንዳንዳቸው የተሸፈነውን ዘረ መል ተሸክመው ከተገናኙ፣ ከአራት ልጆች አንዱ ያህል የተሸፈነውን ገልጦ ይወለዳል። በብዙ የበግ ዘሮች ነጭ ነቁጣም፣ አንዳንድ ጊዜም ጥቁረት በዚህ መንገድ እንደሚወረስ ዛሬ ታውቋል። ላባ ዝንጉርጉሮቹን በሦስት ቀን መንገድ ሲያርቅ ዝንጉርጉርነቱን አላራቀም ነበር ማለት ነው።

ለግቢው ክርክር የሚሰጠው መልስም ከዚህ ይገኛል። መልኩ በዚህ መንገድ የተወረሰ ከሆነ ምክንያቱ ከሁለቱም ወገን ነው። አውራውን ብቻ ወይም እናቲቱን ብቻ መክሰስ ከእውነቱ ግማሹን መቁረጥ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም መልክ በውርስ ብቻ አይመጣም። ይህን ከሁሉ ይልቅ አጥርቶ የሚያሳየን ከደጋችን እጅግ የራቀ ፍጥረት ነው፤ ክላውንፊሽ የሚባል፣ ከጣት ብዙም የማይረዝም የባሕር ዓሣ። ልጆች በ2003 በወጣው የኒሞ ፊልም ያውቁታል። ወደ 30 የሚጠጉ ዓይነቶች ሲኖሩት፣ ከጎረቤታችን ከቀይ ባሕር ውስጥ የሚኖረው ዓይነት ሁለት ነጭ መቀነቶች አሉት፤ የፊልሙ ዓይነት ደግሞ በብርቱካናማ ገላው ላይ ሦስት፤ አንዱ በራሱ፣ አንዱ በወገቡ፣ አንዱ በጅራቱ ግርጌ። ቤቱ የባሕር አኒሞን የሚባለው፣ አበባ የሚመስል ነገር ግን እንስሳ የሆነ ተናዳፊ ፍጥረት ነው። ይህን ዓሣ ሰዎች በመስታወት ገንዳ ማራባት ከጀመሩ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። በገንዳ ከሚፈለፈሉት መካከልም መቀነታቸው የተቆረጠ፣ በአንድ ጎን ብቻ የወጣ፣ ወይም ከነጭራሹ የጎደለ ብዙ ይገኛሉ። አርቢዎቹም እንደ ቢታ ገበሬ «ይህስ ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁ።

መልሱ አንድ ሆኖ አልተገኘም፤ ነገሩ ትምህርት የሚሆነንም በዚህ ነው። አንዳንዱ ልዩ መልክ በእርግጥ ውርስ ነው። አርቢዎች «ስኖውፍሌክ» እና «ፒካሶ» የሚል የንግድ ስም ያወጡላቸው፣ ነጩ ተስፋፍቶ የተጠማዘዘባቸው ዓሦች መልካቸውን ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። መቀነቱ የተቆረጠባቸው ብዙዎቹ ግን አያወርሱም፤ እርስ በርሳቸው ተዳቅለው ሙሉ መቀነት ያላቸውን ልጆች ሲወልዱ ይታያል። ስለዚህ ምክንያቱ ከዘር ውጭ መሆን አለበት።

ዓሣው ከዕንቁላል ሲወጣ መስታወት የሚመስል፣ መቀነት የሌለው እጭ ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው መልኩ ይለወጣል፤ መቀነቶቹም ከራስ ወደ ጅራት በተራ ይወጣሉ። ነጭነታቸው እንደ ቀለም የተቀባ አይደለም፤ ብርሃንን መልሰው የሚያንጸባርቁ ሕዋሳት ተሰልፈው የሚሠሩት ነው። ይህን ለውጥ የሚያዝዘው ከታይሮይድ እጢ የሚወጣው ሆርሞን ነው። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ባሕር የሚኖሩ የአንድ ዓይነት ዓሣ ልጆች እንደ ተጠጉበት አኒሞን መቀነታቸው የሚወጣበት ጊዜ እንደሚለያይ አሳይቷል፤ በአንደኛው አኒሞን ውስጥ ያሉት ብዙ የታይሮይድ ሆርሞን ነበራቸው፣ መቀነታቸውም ቶሎ ወጣ። ዘሩ አንድ ሆኖ ማደሪያው መልክን ለወጠ።

በገንዳ ውስጥ ማደሪያው የሰው እጅ ነው። እጩ የሚበላው ሰው የሰጠውን ሮቲፈር የተባለ በዓይን የማይታይ ፍጥረት ነው፤ ሮቲፈሩ ራሱ ምን እንደ በላ ለዓሣው ገላ ወሳኝ ነው። አንዳንድ ጠፍጣፋ ዓሦች በእጭነታቸው ተገቢውን ስብ በተገቢው መጠን ካላገኙ ገላቸው ተዥጎርጉሮ እንደሚያድግ በሚገባ ተረጋግጧል። የክላውንፊሽ አርቢዎችም ከመኖው ሌላ የውኃውን ንጽሕና፣ ሙቀቱን፣ መጨናነቁን ይጠረጥራሉ፤ ከእነዚህ የትኛው እንደሚያመዝን ክርክራቸው አላበቃም። የሚስማሙበት ነገር ቢኖር፣ ጥቂቷ ቀን መልክ በሚወጣበት ሰዓት ከሆነች ጠባሳዋ ዕድሜ ልክ እንደሚቀር ነው። ሌላም ነገር አለ። በባሕር ውስጥ ደካማው እጭ መቀነት ሳያወጣ ይበላል፤ በገንዳ ውስጥ ግን ጠላት ስለሌለ ይተርፋል። ስለዚህ ጉድለቱ በገንዳ መብዛቱ ገንዳው ስለሚጎዳ ብቻ ሳይሆን ገንዳው ስለሚያድንም ሊሆን ይችላል። ጠባቂውን በችኮላ የሚፈርድበት ሰው ይህንንም ይቁጠርለት።

ገበያው ግን እንዲህ ያለ ማስተዋል የለውም። መቀነቱ የተቆረጠውን ዓሣ አንድ ጊዜ «ጉድለት አለበት» ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ዝነኛ ስም አውጥቶለት ከሙሉው አስበልጦ ይሸጠዋል። በሁለቱም ጊዜ ዓሣው ያው ዓሣ ነው፤ ይዋኛል፣ ይበላል፣ ይወልዳል። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማበጀት ይገባል። እንስሳን ለመልኩ ብቻ መምረጥ ኃጢአት ነው አንልም፤ ቀይ በግ የሚወድ ገበሬም አልበደለም። መበደል የሚጀምረው ጠባቂው ለእንስሳው ጤና የሚገባውን ለመልኩ ሲል ሲነፍገው፣ ወይም በራሱ መኖ ያጎደለውን የእንስሳው ባሕርይ ነው ብሎ ሲያስቆጥር ነው።

በሀገራችንም ተዘግቶበት የኖረ እንስሳ ተመሳሳይ ጥያቄ አስነሥቷል። በ1948 በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በተቋቋመው የአንበሶች ማቆያ የነበሩት አንበሶች፣ ጎፈራቸው ጠቁሮ ከአንገት አልፎ ደረታቸውንና ሆዳቸውን የሚሸፍን ነበር። በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት ከ15 አንበሶች ናሙና ወስዶ፣ ከተነጻጸሩት ሌሎች አንበሶች በዘር የተለዩ መሆናቸውን አረጋገጠ። በሌላ በኩል፣ በብርድ ሀገር የሚጠበቁ አንበሶች ጎፈራቸው እንደሚበዛ ይታወቃል፤ የአዲስ አበባም ብርድ ቀላል አይደለም። ዘሩ ነው ወይስ ብርዱ? የዘሩ መለየት የጎፈራው ምክንያት ዘር መሆኑን ገና አያረጋግጥምና፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚናገር ሰው ቸኩሏል።

እስካሁን ስለ እንስሳት ተናገርን። በዓሣው ገላ ላይ መቀነት የሚያወጣው የታይሮይድ ሆርሞን ግን በእኛም አንገት ውስጥ ያለው ያው ነው። ሆርሞኑ ያለ አዮዲን አይሠራም። አዮዲን በባሕር ውስጥ ብዙ ነው፤ ለብዙ ሺህ ዓመታት ዝናብ ባጠበው ደጋ ግን ጥቂት ነው። እጢው አዮዲን ሲያጣ ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይህ ነው። እንቅርቱ ከሚታየው ጉዳት ትንሹ ነው። በፅንስ የመጀመሪያ ወራት ሕፃኑ የሚጠቀመው በእናቱ ሆርሞን ስለሆነ፣ አዮዲን ያጣች እናት የምትወልደው ልጅ አእምሮው የዘገየ፣ አንዳንዴም ጆሮው የማይሰማ ሊሆን ይችላል። ስንቱ ልጅ «የተረገመ» ተብሎ፣ ስንቷ እናት ታምታ ይሆን፣ የጎደለው ግን በጨው ውስጥ የሚገባ ኢምንት ነገር ሆኖ ሳለ! በሀገራችን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ የተደነገገው በ2011 ነው። ለእናቶች የምታስተምሩ ሁሉ ይህን ልትነግሩአቸው ይገባል፦ ጨው በክዳን፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ በወጥ ውስጥም ወደ መጨረሻው ይጨመር፤ አዮዲኑ በሙቀትና በእርጥበት ይባክናልና። ምክንያትን እንደ መርማሪ የጠየቀ ሰው ይህን ያህል ይጠቅማል።

ምክንያቱ ሲታወቅ የሚወገድ ነገር የማይኖርበት ጊዜም አለ። ቆዳው፣ ጠጉሩና ዓይኑ የቀለም ንጥረ ነገር ያነሰበት፣ አልቢኖ የምንለው ልጅ ከጥቁር ወላጆች ሲወለድ፣ የፔርሲና ፍርሃት በመንደራችን ይደገማል፤ አባት ይጠራጠራል፣ ጎረቤት ያንሾካሹካል። ነገሩ ግን የሜንደል አተር ነው፤ አባትም እናትም እኩል ተሸክመውት የኖሩት ነው፤ በእያንዳንዱ ፅንስም ከአራት አንድ ዕድል አለው። የጌታ ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠይቀው የተሰጣቸውን መልስ ሁላችን እናውቃለን፤ ከሁለቱም አንዱን አልመረጠላቸውም። አልቢኖ ልጅ የሚያስፈልገው ጥቂትና የታወቀ ነው። ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ ያስፈልገዋል፤ ፀሐይ ቆዳውን ለካንሰር ታጋልጣለችና። ዓይኑ ስለሚደክምም በትምህርት ክፍል ከሰሌዳው አጠገብ ይቀመጥ፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ፊቱን አያዙር። ከእናቱ የሚጠየቅ ነገር ቢኖር ባርኔጣ አላት ወይ የሚለው ነው።

በመጨረሻም ምንም ምልክት ሳይኖር ምክንያት የሚፈለግበት ነገር አለ፤ በካፋ ምድር ሆነን ይህን ሳንናገር ልናልፍ አይቻለንም። ማንጆ ተብለው የሚጠሩት ወገኖቻችን ለዘመናት በአደንና በደን ሀብት፣ እንጨትና ከሰል በመሸጥ ኖረዋል። ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይበሉ፣ በጋብቻ እንዳይዛመዱ ልማድ አጥሯቸዋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ አንዱ የሚበሉትን ሥጋ ይጠቅሳል፤ ሌላው «በመልካቸው ይታወቃሉ» ይላል። ሰውን ከዓሣና ከበግ ጋር ማነጻጸራችን አይደለም፤ የምናነጻጽረው ፈራጅን ከፈራጅ ጋር ነው። በጠባብ ገንዳ ያሳደገውን ዓሣ መቀነቱ ተቆረጠ ብሎ የሚንቅ አርቢና፣ ከመሬትና ከማዕድ ያራቀውን ሰው ድሀና ጎስቋላ ነው ብሎ የሚንቅ ጎረቤት አንድ ዓይነት ስሕተት ይሳሳታሉ፤ ሁለቱም የአጥሩን ሥራ የተፈጥሮ ሥራ ብለው ይቆጥሩታል። ልዩነታቸው፣ ሁለተኛው የሚንቀው በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረውን ወንድሙን መሆኑ ነው።

የቀረን ከትምህርት ክፍል የሚነሣ አንድ ጥያቄ ነው። ልጆች የያዕቆብን ታሪክ ሲማሩ «በትሮቹ በእውነት ሠርተዋል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ አንዳንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ምን ብለን እንመልስ ይላሉ። እኛ የምንመክረው ምዕራፍ 31ን ጨምረው እንዲያነቡላቸው ነው። በዚያ ያዕቆብ ራሔልንና ልያን ወደ ሜዳ ጠርቶ የሆነውን ሁሉ ሲነግራቸው፣ መንጎቹ በሚጎመዡበት ወራት በሕልሙ ያየውን ይተርካል፤ በመንጎቹ ላይ የሚወጡት አውራዎች ራሳቸው ሽመልመሌ መሳይ፣ ዝንጉርጉርና ነቁጣም ነበሩ፤ እግዚአብሔርም የላባን በደል አይቶ ከብቱን ለእርሱ እንደ ሰጠው ይናገራል። በዚያ ንግግሩ ስለ በትሮቹ አንድም ቃል አያነሣም።